«ኑሮዬ ይበቃኛል» ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በሚኒባስ ታክሲ ወይም በባጃጅ የሚመላለስ ሰው ይህን ጥቅስ ሳያየው አይቀርም። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።» የኋላ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ሱቅ ውስጥ ከሒሳብ መቀበያው በላይ ይሰቀላል። ተማሪ ለፈተና ሲቀመጥ ይለዋል። ነጋዴ አዲስ ሥራ ሲጀምር ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማውም «የጀመርኩት ሁሉ ይሳካልኛል» በሚል መንፈስ ነው።

ጥቅሱ ግን ብቻውን አልተጻፈም። ከፊቱ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሐዋርያው ጳውሎስ «እችላለሁ» ያለው ምንን እንደሆነ ይነግሩናል። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ይላል። ቀጥሎም መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ይላል (ፊልጵስዩስ 4፥11-13)። እንግዲህ እችላለሁ ካላቸው ነገሮች አንዱ መራብ ነው። ይህን ሳናይ ጥቅሱን ስንጠቅስ ኖረናል፣ እኔም ጭምር።

ስለ እውነተኛ እርካታ በክርስትና ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ይህ ቦታ የቀደመውን ስፍራ ይይዛል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነበብ ነው። አንዳንዱ «ዝም ብለህ ተቀበል» ማለት ይመስለዋል። ሌላው «ሁልጊዜ ፈገግ በል» ማለት ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ደብዳቤው ከየት ነው የተጻፈው?

ከእስር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቦታው ሮም ሲሆን ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ60 እስከ 62 ገደማ ነው። ሌላ ከተማ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። መታሰሩን ግን ደብዳቤው ራሱ ይናገራል።

የሐዋርያት ሥራ መጨረሻው ምዕራፍ የሮሙን እስር ይተርክልናል። ጳውሎስን አንድ ወታደር ይጠብቀዋል፤ በሰንሰለት ታስሯል። የሚኖረው ግን ራሱ በተከራየው ቤት ነው፤ ያውም ሁለት ዓመት ሙሉ። እስቲ አስቡት። ሰውየው ድንኳን ሰፊ ነው፣ በእጁ ሠርቶ ሲበላ የኖረ። አሁን እንደ ልቡ ወጥቶ መሥራት አይችልም። የቤት ኪራዩ ግን ይቆጥራል። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚኖረው በአብዛኛው ወዳጅ ዘመድ በሚያመጣለት ነበር። ስንቅ ያመላለሰ ቤተሰብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ስንቁን የላኩለት የፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፊልጵስዩስ የመቄዶንያ ከተማ ናት። ከጦር ሜዳ የተሰናበቱ የሮም ወታደሮች ሰፍረውባት ነበር። ጳውሎስ ከዚያች ከተማ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ከ10 ዓመት ገደማ በፊት እዚያው ከሲላስ ጋር በበትር ተደብድቧል፤ እግሩ በግንድ ተጠርቆ እስር ቤት አድሯል። እኩለ ሌሊት ላይ ሁለቱ ይዘምሩ ነበር። የወህኒው ጠባቂም በዚያች ሌሊት ከነቤተሰቡ ተጠመቀ (ሐዋርያት ሥራ 16)። ደብዳቤው በጉባኤው ፊት ሲነበብ ያ ጠባቂ ምናልባት ከሰሚዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ከሆነ፣ «ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» የሚለውን ሲሰማ ምስክር አያስፈልገውም። በዓይኑ አይቶታል።

«ይበቃኛል» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ጳውሎስ የጻፈው በግሪክኛ ነው። የተጠቀመው ቃል «አውታርኬስ» ይባላል። ለራሱ የሚበቃ፣ ከሌላ የማይጠብቅ ማለት ነው። ቃሉን በጣም የሚወዱት የዚያ ዘመን ፈላስፎች ነበሩ፤ በተለይም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኢስጦኢኮች» የሚላቸው። ጳውሎስ አቴና ላይ ተከራክሯቸዋል። ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነበር፦ ሀብትህ፣ ጤናህ፣ ስምህ፣ ልጆችህ እንኳ በእጅህ አይደሉም። በእጅህ ያለው የገዛ ልብህ ብቻ ነው። ስለዚህ ልብህን ከሁሉም ነገር አላቅቅ፤ ማንም ሊጎዳህ አይችልም።

ትልቅ ትምህርት ነው፤ አላቃልለውም። ከእነሱ አንዱ ሴኔካ የጳውሎስ ዘመን ሰው ነበር። ወንድሙ ጋልዮስ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 18 ላይ አይሁድ ጳውሎስን ከስሰው ያቀረቡበት አገረ ገዥ ነው። ሁለቱ ዓለማት ያን ያህል ይቀራረቡ ነበር ማለት ነው።

ጳውሎስ ቃላቸውን ተዋሰና ዞር አደረገው። ለፈላስፎቹ «ይበቃኛል» ማለት በራሴ እበቃለሁ ማለት ነው። ለጳውሎስ ግን «ኃይልን በሚሰጠኝ» የሚል ተጨመረበት። ብቃቱ ከሌላ የመጣ ነው።

በውኃ ልመስለው። አንዱ ሰው ቤቱ ትልቅ ሮቶ አስቀምጦ ሞልቶታል። ቧንቧው ቢጠፋም ደንታ የለውም፤ ለጊዜው። ሌላው ሰው ሮቶ የለውም፣ ጀሪካንም አላጠራቀመም። ቤቱ ግን ምንጭ አጠገብ ነው። ሁለቱም «ውኃ አላጣሁም» ይላሉ። የመጀመሪያው የሚተማመነው በያዘው ልክ ነው። ሁለተኛው የሚተማመነው በምንጩ ነው። የክርስትናው እርካታ የሁለተኛውን ይመስላል።

ምንጩ የቱ እንደሆነ ጳውሎስ ቀደም ብሎ በጻፈው በሌላ ደብዳቤ ላይ ይገኛል። «የሥጋዬ መውጊያ» የሚለው አንድ ሕመም ወይም ችግር ነበረበት። ምን እንደነበረ አልነገረንም። እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። መልሱ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9)።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በግሪክኛው «ይበቃሃል» እና «አውታርኬስ» ሥራቸው አንድ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ዝምድና ይዞታል፦ እዚያ «ይበቃሃል»፣ እዚህ «ይበቃኛል»። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ ጥሪና መልስ ይሆናሉ። ክርስቶስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» አለው። ጳውሎስ ከዓመታት በኋላ ከሰንሰለቱ ጋር ተቀምጦ «ይበቃኛል» አለ። እኔ የጉዳዩ ልብ ይህ ነው እላለሁ። በክርስትና እርካታ ማለት ሰው ለራሱ የሚነግረው ማጽናኛ አይደለም። መጀመሪያ የተናገረው ሌላ ነው፤ ሰው ይመልሳል።

አማርኛችን ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርልናል። «በቃ» ማለት አለቀ፣ ሞላ፣ ተሟላ ማለት ነው። ግን «የበቁ አባት» እንላለን፤ በጸሎትና በቅድስና ከፍ ያሉ ለማለት። «ለዚህ ያበቃኝ አምላክ» እንላለን። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብለን እንመርቃለን። በቋንቋችን «በቃኝ» ያለ ሰውና «የበቃ» ሰው ከአንድ ቃል ይወለዳሉ። ይህን ያስተዋልኩ ቀን በጣም ነው የገረመኝ።

ታዲያ ለምን አንረካም?

ፍላጎታችን ማለቂያ የለውም። ተከራይ ሳለን «አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ቢደርሰኝ» እንላለን። ሲደርሰን ባለ ሁለት መኝታው ያምረናል። ከዚያ መኪና፣ ከዚያ የተሻለ ሰፈር። በየደረጃው ያገኘነው ነገር ለጥቂት ወራት ያስደስተንና ተራ ይሆናል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የተሠራ አንድ የታወቀ የሥነ ልቦና ጥናት ነበር። ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች በዚያው አካባቢ ከሚኖሩ፣ ምንም ካልወጣላቸው 22 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በደስታ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም ባለ ሎተሪዎቹ ከወዳጅ ጋር እንደማውራት፣ ቁርስ እንደመብላት ባሉ ትናንሽ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁሉንም ነገር ያረጋግጣል አልልም። ግን የምናውቀውን ነገር ነው የሚነግረን። ዓይናችን ይለምዳል።

ክርስቶስም ስለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ተናግሯል (ሉቃስ 12)። አንድ ባለጠጋ እርሻው እጅግ ፍሬያማ ሆነለት። ልብ በሉ፤ አልሰረቀም፣ አላጭበረበረም። ምድሪቱ ናት የሰጠችው። ጎተራውን አፍርሶ ሌላ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ። ከዚያ ለነፍሱ «ዕረፊ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደስ ይበልሽ» ሊላት አቀደ። ምሳሌውን ደግማችሁ ስታነቡት አንድ ነገር ይታያችኋል። በሰውየው ሐሳብ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ሠራተኛ አይጠሩም። ሁሉ «ፍሬዬ»፣ «ጎተራዬ»፣ «ነፍሴ» ነው። ነፍሱንም በእህል ሊያሳርፋት ነው የሞከረው። በዚያችው ሌሊት ተጠራ።

ከምሳሌው ቀድሞ ጌታ «ከመጎምጀትም ሁሉ ተጠበቁ» ብሎ ነበር። መጎምጀት ማለት ማግኘት አይደለም። መሥራት፣ መነገድ፣ ማትረፍም አይደለም። ፊልጵስዩስ ላይ መጀመሪያ ያመነችውና ጳውሎስን በቤቷ ያሳረፈችው ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ ውድ ዕቃ ነጋዴ። ማንም ንግድሽን ዝጊ አላላትም። መጎምጀት ማለት የሚቀጥለው ዕቃ የጎደለኝን ይሞላልኛል ብሎ ማመን ነው። አባቶች «ፍቅረ ንዋይ» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ጢሞቴዎስ ላይ «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነውና» ሲል ጳውሎስ የሚከሰው ገንዘቡን ሳይሆን መውደዱን ነው።

በእኛ ዘመን የባሰው ስልኩ ነው። ድሮ ሰው የሚፎካከረው ከጎረቤቱ ጋር ነበር። አሁን ከዓለም ጋር ነው። አዲስ አበባ ያለው ወጣት አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ መኪና ተደግፎ የተነሣውን ፎቶ ያያል። የሌሊት ፈረቃውን አያይም። አሜሪካ ያለው ደግሞ ብቻውን ክፍሉ ተቀምጦ እዚህ የተደገሰውን ሰርግ ያያል። የኪራዩን ጭንቀት አያይም። ሁለቱም «እኔ ብቻ ቀረሁ» ብለው ያድራሉ።

የብልጽግና ወንጌል የሚባለው ትምህርትም እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ትምህርቱ ባጭሩ «እምነትህ ትክክል ከሆነ ሀብትና ጤና ይከተሉሃል» ይላል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ጳውሎስን መዝኑት። አምስት ጊዜ አርባ ሲጎድል አንድ ተገርፏል። ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበታል። ተርቧል፣ በብርድ ተራቁቷል (2ኛ ቆሮንቶስ 11)። ይህ ሰው እምነት ጎድሎት ነበር የሚል ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም።

«ይበቃኛል» ማለት ለበደል እጅ መስጠት ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ምክንያቱም ቃሉ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ተነግሯል። ደመወዝ የተከለከለችን የቤት ሠራተኛ «ያለሽ ይብቃሽ» ማለት ቀላል ነው። የምትደበደብን ሚስት «ተመስገን በዪ» ማለት ቀላል ነው። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም።

እንደገና ወደ ፊልጵስዩስ እንመለስ። ጳውሎስና ሲላስ በዘመሩባት ሌሊት ማግሥት ገዢዎቹ «ልቀቋቸው» ብለው መልእክት ላኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይወጣ ነበር። ጳውሎስ አልወጣም። ያለ ፍርድ የሮም ዜጎችን በአደባባይ ደብድባችሁ አሁን በስውር ልትሸኙን ነው? ራሳችሁ መጥታችሁ አውጡን አለ። መጥተውም ለመኗቸው። ሌሊት በሰንሰለት የዘመረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው አንድ ሰው ነው። ኋላም ፍርድ ሲጣመምበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ለባሪያውም «አርነት ልትወጣ ቢቻልህ ግን አርነትን ተቀበል» ብሎ ጽፏል (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥21)።

ሌላም አለ። ወንጌል ውስጥ «ይብቃችሁ» የሚለው ቃል ለማን እንደተነገረ ተመልከቱ። መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ ወታደሮች መጥተው «ምን እናድርግ?» አሉት። ማንንም አትግፉ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ «ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው (ሉቃስ 3፥14)። የተነገረው መሣሪያ ለያዘው፣ ሊቀማ ለሚችለው ነው። ደመወዙን ለተቀማው ሰው ደግሞ ያዕቆብ የጻፈው ሌላ ነው። የተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል (ያዕቆብ 5፥4)።

ስለዚህ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሆና ደመወዟን የተነጠቀች እኅታችን ገንዘቧን መጠየቋ የእምነት ማነስ አይደለም። «ይብቃህ» መባል ያለበት አሠሪው ነው።

ሁልጊዜ ደስተኛ መሆን ነው?

አይደለም። ስንቁን ይዞ የመጣው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ ስለ እሱ ሲጽፍ ቢሞትብኝ ኖሮ «ኀዘን በኀዘን ላይ» ይሆንብኝ ነበር ይላል። ይበቃኛል ካለ በኋላም የሚያዝን ሰው ነው። መውጊያው እንዲነሣለትም ሦስት ጊዜ ለምኗል። መለመን ከእርካታ ጋር አይጣላም።

ደስታ እንደ አየር ጠባይ ይለዋወጣል። ዛሬ ፀሐይ፣ ነገ ደመና። እርካታ ግን የቤቱን መሠረት ይመስላል፤ ዝናብም ቢዘንብ ያው ነው። ነቢዩ ዕንባቆም በለስ ባታፈራ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ ላሞች በጋጣ ባይገኙ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ይህን የሚለው ከብቱ ስላልጠፋበት አይደለም። ጉድለቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ስሙን ጠርቶ ነው «እኔ ግን» የሚለው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሕይወት የከበደው ሰው ምናልባት ታሞ ነው። ድባቴ ሕመም ነው። ለእሱ «አመስጋኝ ሁን» ማለት ለተሰበረ እግር «ተራመድ» እንደማለት ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድና መጸለይ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

እንዴት ነው የሚለመደው?

ጳውሎስ «ተምሬአለሁ» ነው ያለው። አብሮት አልተወለደም። በአማርኛው «ተምሬአለሁ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። በግሪክኛው ግን ሁለተኛው ቃል የተለየ ነው፤ ወደ ምሥጢር መግባትን ያመለክታል። በዚያ ዘመን ሰዎች ወደ አንድ የምሥጢር ማኅበር ገብተው ምሥጢሩ ሲገለጥላቸው የሚሉት ቃል ነበር። ትምህርቱ በጆሮ ብቻ የሚገባ አይደለም። ተገብቶበት፣ ተኖሮ የሚታወቅ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ምድረ በዳው ነበር። እስራኤል መና ሲበሉ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጎሞር በሚባል መስፈሪያ አንድ ነው፤ የየዕለቱን በየዕለቱ። ለነገ ብለው ያስተረፉት ተላ፣ ሸተተ (ዘጸአት 16)። 40 ዓመት ሙሉ በየማለዳው ይህን ተማሩ፦ የነገው ነገ ይመጣል። ጌታችንም ጸሎት ሲያስተምር «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» በሉ ነው ያለው። የዓመቱን ስጠን አላለም። ይህን ጸሎት አፋችን ስለለመደው ሳናስበው እናልፈዋለን። ቀስ ብላችሁ በሉት። «የዕለት» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ጭንቀት ያራግፋል።

ሁለተኛው ጾም ነው። በተለይ ሁዳዴ። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ ትተን ስንቆይ አንድ የሚገርም ነገር እንማራለን። ያለ እሱ አልኖርም ያልነው ነገር ሳይኖርም መኖር ይቻላል። መጀመሪያ ሳምንት ሆድ ይጮኻል። እየቆየ ዝም ይላል። መዝሙረኛው ነፍሱን ጡት ከተወ ሕፃን ጋር ያመሳስላታል (መዝሙር 131፣ በግዕዙ አቆጣጠር 130)። እናቶች ይህን ያውቁታል። ጡት የሚጥል ሕፃን ጡቱ መራራ ነገር ተቀብቶበት ቀናት ሙሉ ያለቅሳል። ከዚያ አንድ ቀን እናቱ ጭን ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። አሁን የመጣው ለወተቱ አይደለም። ለእሷ ነው። መዝሙሩ ነፍሴ እንዲህ ሆነች ይላል። እግዚአብሔርን ለሚሰጠው ነገር ሳይሆን ለራሱ መፈለግ። ስለ እርካታ ከተነገሩ ሥዕሎች ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

ሦስተኛው ምስጋና ነው። አያቴን «እንዴት አደሩ?» ሲሏቸው ሁልጊዜ «ተመስገን» ነበር መልሳቸው። ጉልበታቸው እያመማቸውም፣ ልጃቸውን በቀበሩ ሰሞንም። ልጅ ሳለሁ የአፍ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ቅዳሴ ላይ የምስጋናውን ጸሎት ሳዳምጥ ነው የገባኝ። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል፤ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግን ማለት ነው። ለምን? ጸሎቱ ይዘረዝራል። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱም ተቀብሎናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። ዝርዝሩ ውስጥ ቤት የለም፣ መሬት የለም፣ ደመወዝ የለም። ደሀውም ሀብታሙም እኩል ሊለው የሚችል ምስጋና ነው። አያቴ «ተመስገን» ሲሉ ሕመሙን እየካዱ አልነበረም። የሚያመሰግኑበት ምክንያት ከጉልበታቸው ጋር አብሮ የሚታመም ስላልነበረ ነው።

መስጠትም አለ። በእጅ ያለውን የሚካፈል ሰው «ይበቃኛል» የሚለውን በአፉ ሳይሆን በእጁ ይለዋል።

ምግብና ልብስ የሌለውስ?

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» ይላል (1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥8)። «ከኖረን» የሚለውን አንርሳ። የሚበላው ያጣ ሰው ፊት ቆሞ ስለ እርካታ መስበክ ይህን ቃል መዝለል ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ላይ ያለው ጸሎት ሁለቱንም ወገን ይፈራል። ድህነትንም ባለጠግነትንም አትስጠኝ፣ የሚያስፈልገኝን እንጀራ ስጠኝ ይላል (30፥8)። ብጠግብ እክድሃለሁ፣ ብደኸይ እሰርቃለሁ ብሎ ይሰጋል። ረኀብ ሰውን ይፈትናል፤ መጽሐፉ ይህን አይደብቅም።

መናው ላይ ሌላ ነገር ተጽፏል። ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። ጳውሎስ ይህንኑ ጥቅስ ያነሣው ቆሮንቶሶች በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ገንዘብ እንዲያዋጡ ሲለምን ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ። በዚያው ምዕራፍ ምሳሌ አድርጎ የጠራቸውም የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናትን ነው። ፊልጵስዩስም ከእነሱ አንዷ ናት። እጅግ ደሆች ነበሩ፤ ግን እንድንሰጥ ፍቀዱልን ብለው ለመኑ።

ለዚህ ነው ከታወቀው ጥቅስ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚነካኝ። ጳውሎስ «ሁሉን እችላለሁ» ካለ በኋላ እዚያው ላይ አላቆመም። ስለዚህ አትቸገሩልኝም አላለም። በመከራዬ ከእኔ ጋር ስለተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ አላቸው (4፥14)። ቀደም ሲልም ተሰሎንቄ ሳለሁ አንዴና ሁለቴ ልካችሁልኛል ብሎ አስታወሳቸው። ከዚያ ደብዳቤውን ዘጋ፤ ከሕመሙ የዳነው አፍሮዲጡም ወደ አገሩ ወደ ፊልጵስዩስ ተመለሰ።